ለሃይኩ የአማርኛ ኢሜይል ፕሮግራም ስትሠሩ ቀድማችሁ የምትወስኗቸው ነገሮች

ሃይኩ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለ፣ ቢኦኤስ የሚባለውን የቀድሞ ሲስተም ፈለግ የተከተለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ተጠቃሚው በጣት የሚቆጠር ቢሆንም 1 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሠራል። ጣና ዳር ላለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ፣ ወይም ወደ ዘጌ ጎብኚ ለሚያመላልስ የጀልባ ማኅበር ቢሮ፣ ጡረታ የወጣ ላፕቶፕን ወደ ሥራ የሚመልስ ነገር ነው። የሚቀረው አማርኛን በወጉ የሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋና ዳታ ሲቆራረጥ ደብዳቤ የማይጥል የኢሜይል ፕሮግራም ነው።

ጽሑፉ ሲ++ ለሚችልና ሥራውን ሊጀምር ለተነሣ ሰው ነው፤ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልግ ቡድንም ይሆናል። የቁልፎቹን ቀለምና የመስኮቱን አቀማመጥ ዛሬ ብትሳሳቱ ነገ ታስተካክሉታላችሁ። ሦስት ነገሮች ግን አንዴ ከተጻፉ ለመመለስ ያስቸግራሉ፦ መልእክቱ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ፣ ፊደሉ በባይት የሚቆጠርበት መንገድ፣ እና መስመር መሀል ላይ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ «ተልኳል» ወይም «አልተላከም» ብሎ የሚወስንበት መንገድ። ብዙውን ቦታ ለእነሱ ሰጥተናል።

መልእክት ፋይል ነው

ሌላ ሲስተም የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ዳታቤዝ መክፈት ነው። ሃይኩ ላይ አያስፈልግም። የሃይኩ ፋይል ሲስተም፣ ቢኤፍኤስ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ አትሪቢውት (ስም ያለው ተጨማሪ መረጃ) ለመለጠፍና አትሪቢውቶቹን በኢንዴክስ ለመፈለግ ያስችላል። የሲስተሙ የራሱ የፖስታ አገልግሎት አንዱን መልእክት አንድ ፋይል አድርጎ ያስቀምጥና ላኪውን፣ ርእሱን፣ ቀኑን፣ ተነበበ አልተነበበ የሚለውን በአትሪቢውት ይይዛል። እናንተም የአትሪቢውቶቹን ስም ከሲስተሙ ሳትለውጡ ውሰዱ። ያን ጊዜ ትራከር፣ የሃይኩ የፋይል ማሳያ፣ ኢንቦክሱን ያለ እናንተ ፕሮግራም ዘርዝሮ ያሳያል፤ ተጠቃሚው ነገ ፕሮግራማችሁን ቢተወው ደብዳቤው አብሮ አይታሰርም።

እዚህ ላይ የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። ኢንዴክሱ ከፋይሉ በፊት መፈጠር አለበት፤ ኢንዴክሱ ሳይኖር የተጻፈ ፋይል በኋላ ፍለጋ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሣ የሚያስፈልጉትን ኢንዴክሶች ፈትሾ የጎደለውን ይፍጠር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከሰርቨር ያምጣ። ቆየት ያለ ፖስታ ላለው ተጠቃሚ ደግሞ አትሪቢውቱን አንብቦ መልሶ የሚጽፍ አንድ ትእዛዝ ጨምሩለት፤ መልሶ መጻፉ ብቻውን ኢንዴክሱ ውስጥ ያስገባዋል።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ሰው ደብዳቤውን ወደ ፋት32 ፍላሽ ሲገለብጥ አትሪቢውቱ በሙሉ ይጠፋል፤ ሲመልሰው ርእስም ላኪም የሌለው ባዶ ዝርዝር ያያል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ሕግ ማውጣት ነው፦ ከፋይሉ ሄደር (ከደብዳቤው በላይ ላኪ፣ ርእስና ቀን ከሚጻፉበት ክፍል) ወይም ከሰርቨሩ ዳግም ሊገኝ የማይችል ነገር በአትሪቢውት ብቻ አይቀመጥ። ላኪ፣ ርእስና ቀን ከሄደር ይወጣሉ፤ የተነበበ መሆኑን ሰርቨሩ ያውቃል። ተጠቃሚው ራሱ የጻፈው ማስታወሻ ካለ ግን ፋይሉ ውስጥ፣ በራሳችሁ ስም በጨመራችሁት ሄደር ይግባ።

የፋይሉ ስም ሌላ ጣጣ አለው። ርእሱን የፋይል ስም ማድረግ ለትራከር ያመቻል፤ አማርኛ ግን በእዝባር ያሳጥራል። «ለወ/ሮ»፣ «መ/ቤት»፣ «ዓ/ም»፣ «ባ/ዳር» የሚሉ ርእሶች በቀን ስንት ጊዜ ይመጣሉ። እዝባር ለሲስተሙ የፎልደር መለያ ስለሆነ ፋይሉ ወይ አይፈጠርም ወይ የሌለ ፎልደር ይፈልጋል። በሰረዝ ተኩት። የስሙ ጣሪያ 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 85 ፊደል ብቻ ማለት ነው። ከመጨረሻ ላይ ቀንና ተከታታይ ቁጥር ስለምትጨምሩ ርእሱን 60 ፊደል ላይ ቁረጡት፤ ስትቆርጡ ደግሞ በፊደል ድንበር ላይ ይሁን። ከ128 እስከ 191 ያለ ባይት የፊደል መሀል ነው፤ ከእሱ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ መነሻውን ፈልጉ። በሦስት አካፍሎ መቁረጥ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ግን በርእሱ ውስጥ አንድ ክፍተት ወይም አንድ የላቲን ቁጥር ካለ ስሌቱ ይዛነፋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት የኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት የጉራጊኛ ፊደላት ደግሞ 4 ባይት ናቸው።

አሁን መብራት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ በቅጽበት ጠፋ ማለት ነው። ቢኤፍኤስ ጆርናል (ለውጦችን ቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ) አለው፤ ጆርናሉ ግን የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን መዋቅር እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ መጠን ያለው፣ ውስጡ ግን ባዶ ወይም ቆሻሻ የሆነ ደብዳቤ ሊተርፍ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፣ ወደ ዲስክ እንዲወርድ አስገድዱ፣ አትሪቢውቱን ለጥፉ፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ስም ለውጡ፣ «እስከዚህ ቁጥር አምጥቻለሁ» የሚለውን መዝገብ መጨረሻ ላይ አሻሽሉ። መዝገቡን ቀድሞ ማሻሻል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መብራቱ በመሀል ከሄደ ያ ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይ እያለ ተጠቃሚው ጋ መቼም አይደርስም። ተገልብጦ ቢሆን ግን የሚከተለው ድግግሞሽ ነው፤ ድግግሞሽን ደግሞ በመልእክት መለያው፣ ማለትም ሄደሩ ውስጥ ባለው የእያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ መለያ፣ ማጥራት ይቻላል።

ፊደሉ በመንገድ ላይ

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ኢሜይል ደግሞ ሲፈጠር ለ7 ቢት ጽሑፍ ነበርና ጽሑፉ ተጠቅልሎ መላክ አለበት። መጠቅለያው ሁለት ዓይነት ነው። ኮትድ-ፕሪንተብል እያንዳንዱን ባይት በ3 ምልክት ይጽፋል፤ አንድ ፊደል 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ቤዝ64 3 ባይቱን በ4 ምልክት ይጽፋል። 1000 ፊደል ያለው ደብዳቤ በመጀመሪያው ከ9000 ባይት በላይ ሲሆን በሁለተኛው መስመር መቁረጫውን ጨምሮ 4100 አካባቢ ነው። አንዳንድ የፕሮግራም ላይብረሪ ሳይጠየቅ የሚመርጠው ኮትድ-ፕሪንተብልን ነው፤ ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ የተመቸ ስለሆነ። እናንተ ጽሑፉን ቆጥራችሁ ያነሰውን ምረጡ። አማርኛ ላይ ሁሌም ቤዝ64 ያሸንፋል፤ መስመሩ 76 ምልክት ሲሆን ልክ 19 የግዕዝ ፊደል ስለሚይዝ ለዓይንም ይጸዳል።

ርእሱ ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። በሄደር ውስጥ አንድ የተጠቀለለ ቃል ከ75 ምልክት አይበልጥም። ከፊቱ የሚገባው የኮድ ስምና መዝጊያው 12 ምልክት ይወስዳሉ፤ ከቀረው 63 በ4 የሚካፈለው 60 ነው፤ 60 ምልክት 45 ባይት፣ 45 ባይት 15 ፊደል። ስለዚህ ረዘም ያለ የአማርኛ ርእስ በየ15 ፊደሉ እየተቆረጠ በበርካታ ጥቅል ይሄዳል። ሁለት ሕግ አለ። አንደኛ፣ አንድ ፊደል በሁለት ጥቅል መሀል አይከፈል፤ ከተከፈለ ተቀባዩ ጋ በፊደሉ ቦታ ጥያቄ ምልክት ወይም ሳጥን ይታያል። ሁለተኛ፣ በሁለት ጥቅሎች መካከል ያለ ክፍተት ሲነበብ ይጣላል። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጥቅሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ውጭ ከቀረ «የጀልባ ኪራይ ክፍያ» የሚለው «የጀልባኪራይክፍያ» ሆኖ ይደርሳል። በማንበብ በኩል ደግሞ ለስሕተት ታገሡ፦ ፊደሉን መሀል ላይ የከፈሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ተከታታይ ጥቅሎች ተመሳሳይ ኮድና መጠቅለያ ካላቸው ባይታቸውን መጀመሪያ አንድ ላይ ቀጥሉ፣ ከዚያ ወደ ፊደል ለውጡ።

የአባሪ ስም የራሱ ሕግ አለው፤ በፐርሰንት ምልክት ይጻፋል፣ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፣ ሲረዝም በተራ ቁጥር ይቀጠላል። ስትልኩ በዚህ ላኩ። ስትቀበሉ ግን እንደ ርእስ በተጠቀለለ ቃል የጻፉትንም ተቀበሉ፤ ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚልኩት።

የቆዩ የወርድ ሰነዶች በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሆነው ይመጣሉ። ፎንቱ ከሌለ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው የሚታየው። ኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ይህን ለመለወጥ አትሞክሩ፤ አባሪውን ሳትነኩ አስቀምጡ፣ ለዚያ የሚሆን ሌላ መሣሪያ አለ።

«ባሕር ዳር» እና «ባህርዳር»

የከተማው ስም ራሱ በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። «ዓባይ»፣ «ዐባይ»፣ «አባይ»፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»። ተጠቃሚው አንዱን ጽፎ ሲፈልግ ሌላው ካልመጣለት ፍለጋችሁ አይሠራም ብሎ ይተወዋል፤ ትክክልም ነው። የላኪውን አጻጻፍ ማስተካከል የናንተ ሥራ አይደለም፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የመጡበት የተዋሐደ ቅጂ አዘጋጅታችሁ በራሳችሁ አትሪቢውት አስቀምጡ። የሚታየው ርእስ ላኪው እንደጻፈው ይቆይ።

የማዋሐዱ ስሌት ቀላል ነው፤ ዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ በ8 ተከታታይ ቁጥር ተቀምጧል። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፣ ኸ 4792 ላይ ይጀምራሉ። ከሐ ቤተሰብ 16፣ ከኀ 128፣ ከኸ 184 ስትቀንሱ ወደ ሀ ቤተሰብ ይመጣሉ። ሠ 4640፣ ሰ 4656 ነው፤ በሠ ላይ 16 ጨምሩ። ዐ 4816፣ አ 4768፤ 48 ቀንሱ። ፀ 4928፣ ጸ 4920፤ 8 ቀንሱ። ቀጥሎ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ በአማርኛ ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ናቸው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ስሌቱን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደላት አለማሳለፍ ነው፤ ስምንተኛው ቦታ በየቤተሰቡ የተለያየ ነገር ይይዛል፣ ሗ ተቀንሶ ሗን የማይመስል ፊደል ይሆናል። መጨረሻ ላይ ክፍተቱን፣ ሁለት ነጥቡንና እዝባሩን አውጡ፤ «ባ/ዳር» ግን «ባዳር» እንጂ «ባህርዳር» አይሆንም፣ አጭር ጽሑፍን መዘርዘር ከፈለጋችሁ የተለመዱትን በጣት የሚቆጠሩ ቃላት በሰንጠረዥ ያዙ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው መንገድ አልፋችሁ አወዳድሩ።

ስስት አያስፈልግም ብሎ የደብዳቤውን ሙሉ ጽሑፍ አትሪቢውት ማድረግ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ትንንሽ አትሪቢውቶች ከፋይሉ መዝገብ ጋር በአንድ ብሎክ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በ2048 ባይት ብሎክ በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ከመዝገቡ የሚተርፈው ቦታ ከ2 ኪሎባይት ያነሰ ነው። ያ ሲሞላ ትርፉ ወደ ሌላ የዲስክ ቦታ ይሄድና ዝርዝሩን መክፈት በአሮጌ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይንፏቀቃል። 60 ፊደል ያለው ርእስ 180 ባይት ነው፤ የተዋሐደው ቅጂ ሲጨመር 360። ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀንና ሁኔታ ሲደመሩ አሁንም በሰላም ይገባል። ሙሉ ጽሑፉን መፈለግ ሲያስፈልግ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ይሻላል፤ ለ5000 ደብዳቤ ትንሽ መጠበቅ ሰው ይችላል።

ማምጣት

ደብዳቤ ከሰርቨር የሚመጣበት ደንብ ሁለት ነው፤ በአይማፕ ሥሩ፣ ፖፕ3ን ለሁለተኛ እትም ተዉት። ወደብ 993 ላይ ከመጀመሪያው በተመሰጠረ መስመር ተገናኙ። ፎልደር ስትከፍቱ ሰርቨሩ የፎልደሩን ማረጋገጫ ቁጥር ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከቀድሞው ከተለየ የያዛችሁት የመልእክት ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም፤ በመልእክት መለያው እያመሳከራችሁ እንደገና አስተካክሉ። ያላችሁን ደምስሳችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ማምጣት የተጠቃሚውን ዳታ ፓኬጅ በአንድ ጠዋት ይበላል።

ብዙ ጀማሪ የሚይዘው አንድ ወጥመድ አለ። የመጨረሻው ያመጣችሁት ቁጥር 500 ከሆነ «ከ501 እስከ መጨረሻው» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አዲስ ደብዳቤ ከሌለ ሰርቨሩ ባዶ አይመልስም፤ 500ኛውን ይመልሳል፣ ምክንያቱም «መጨረሻው» ራሱ 500 ስለሆነ ክልሉ ተገልብጦ ይነበባል። የመጣውን ቁጥር ሳታነጻጽሩ ብትቀበሉ በየጥቂት ደቂቃው ያው ደብዳቤ እንደ አዲስ እየደወለ ይገባል።

ስለ መጠን። እንግዳ ከውጭ ሲመጣ የፓስፖርቱን ፎቶ በስልክ አንሥቶ 4 ሜጋባይት አድርጎ ይልካል፤ በቤዝ64 ሲጠቀለል ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል፣ 5.5 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ደብዳቤን በሙሉ አታምጡ። መጀመሪያ ሄደሩንና የደብዳቤውን መዋቅር ጠይቁ፤ ከመዋቅሩ የጽሑፉን ክፍል ለዩና እስከ 32 ኪሎባይት እሱን ብቻ አምጡ፤ አባሪውን በስሙና በመጠኑ አሳዩ፣ ሰው ሲጫነው ይምጣ። ሲመጣም በ64 ኪሎባይት ቁራጭ ይሁን፤ መስመር ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ስትጠይቁ ደግሞ «ተነበበ» የሚል ምልክት በማያስቀምጠው መንገድ፣ ማለትም በ«ፒክ»፣ ጠይቁ። ያለዚያ ፕሮግራሙ ከጀርባ ያመጣው ሁሉ ባለቤቱ ስልክ ላይ እንደተነበበ ይታያል፣ ቦኪንግም በዚያ ሰበብ ያልፋል።

አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ወዲያው ለማወቅ አይድል የሚባለው ትእዛዝ አለ። ደንቡ ቢያንስ በየ29 ደቂቃው አድሱት ይላል፤ በሞባይል ዳታ ላይ ግን ጸጥ ያለ መስመር ከዚያ ቀድሞ ሳይነገር ይዘጋል፣ ፕሮግራሙም በሞተ መስመር ላይ ሲጠብቅ ይውላል። በየ9 ደቂቃው አድሱ። እድሳቱ በ30 ሰከንድ ካልተመለሰ መስመሩን ዝጉና እንደገና ተገናኙ፤ ካልተሳካ 15 ሰከንድ፣ 30፣ 60 እያላችሁ እስከ 10 ደቂቃ አራርቁ። ኔት ለሰዓታት ሲጠፋ በየሰከንዱ የሚሞክር ፕሮግራም አሮጌውን ላፕቶፕ ማሞቅ ነው ትርፉ።

የፎልደር ስም በአማርኛ ሲሆን ሰርቨሩ የሚሰጣችሁ በተሻሻለ ዩቲኤፍ-7 ነው፤ በአምፐርሳንድ ተጀምሮ በሰረዝ የሚያልቅ ዝብርቅርቅ ካያችሁ እሱ ነው። ውስጡ ቤዝ64 ነው፤ በእዝባር ፈንታ ግን ኮማ ይጠቀማል። ተራውን የቤዝ64 ኮድ ሳትለውጡ ብትጠቀሙ አብዛኛው ስም ይሠራል፣ ጥቂቱ ይበላሻል፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ደግሞ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

መላክ

የሚላከው ደብዳቤ አራት ሁኔታ ይኑረው፦ ረቂቅ፣ ተራ የሚጠብቅ፣ እየተላከ ያለ፣ የተላከ። ሰው «ላክ» ሲል መጀመሪያ ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ መስኮቱ ይዘጋ። ኔት ኖረም አልኖረም ለሰውየው ሥራው አልቋል።

የመልእክት መለያው የሚሰጠው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ስንት ጊዜ ቢሞከር አይቀየር። ምክንያቱ ይኸውና። ፕሮግራሙ ጽሑፉን አስተላልፎ የመጨረሻዋን ነጥብ ይልካል፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ «እሺ» ይላል፤ «እሺ»ው ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ፕሮግራሙ አልተላከም ብሎ ያምናል፣ ደግሞ ይልካል፣ ተቀባዩ ሁለት ያገኛል። ስለ ክፍያ የሚያወራ ደብዳቤ ከሆነ አደገኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ደንቡ 10 ደቂቃ ጠብቁ ይላል፣ እናንተም ጠብቁ፤ 30 ሰከንድ ላይ የሚቆርጥ ፕሮግራም ድግግሞሹን ራሱ ይፈጥራል። ሁኔታው «እየተላከ ያለ» ላይ ተሰናክሎ ከቀረ ደግሞ ዳግም ከመላካችሁ በፊት በአይማፕ ገብታችሁ በተላኩት ፎልደር ውስጥ መለያውን ፈልጉ። ጂሜይል የተላከውን በራሱ ስለሚያስቀምጥ ይህ መንገድ እዚያ ላይ ይሠራል፤ በዚያው ምክንያት እናንተ ቅጂ ወደ ጂሜይል የተላኩት ፎልደር አትስቀሉ፣ ሁለት ይሆናል።

በ4 የሚጀምር የሰርቨር መልስ ጊዜያዊ ነው፣ ቆይታችሁ ሞክሩ። በ5 የሚጀምር የመጨረሻ ነው፤ ደብዳቤውን ወደ ረቂቅ መልሱና ምክንያቱን በአማርኛ አሳዩ። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ይቀበላል፤ በጥቅልሉ ምክንያት ከ18 ሜጋባይት በላይ አባሪ ሲጨመር በዚያው ጊዜ አስጠንቅቁ፣ ግማሽ ሰዓት ዳታ ከበላ በኋላ መንገር ዋጋ የለውም።

መግባት

አነስተኛ መድረክ ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው። ጂሜይል ከግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተራ ፓስወርድ አያስገባም። ኦኦዝ (ፓስወርድ ሳይሰጡ በፈቃድ የሚገባበት ዘዴ) ለመጠቀም ፕሮግራማችሁን ጉግል ዘንድ ማስመዝገብ አለባችሁ፤ በሙከራ ደረጃ ላይ 100 ተጠቃሚ ብቻ ይፈቀዳል፣ ፈቃዱም በየ7 ቀኑ ያልቃል፤ ከሙከራ ለመውጣት ደግሞ ጠንካራ የደኅንነት ምርመራ አለ። ለመጀመሪያው እትም አፕ ፓስወርድ ይበቃል፦ ተጠቃሚው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያበራል፣ ባለ16 ፊደል ፓስወርድ ያወጣል፣ ያስገባዋል። ጉግል በአራት በአራት ከፋፍሎ ስለሚያሳየው ሰው ከነክፍተቱ ይለጥፈዋል፤ ክፍተቱን እናንተ አውጡለት። አውትሉክ ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኦኦዝ ብቻ ነው፤ ግን ለሃይኩ የሚመች መንገድ አለው፤ ፕሮግራሙ አጭር ኮድ ያሳያል፣ ሰውየው ስልኩ ላይ ያስገባዋል፣ አለቀ። ብራውዘር አያስፈልግም።

የምስክር ወረቀት ማረጋገጫውን በራሳችሁ ጻፉ፤ በሃይኩ የተመሰጠረ መስመር ክላስ ላይ ማረጋገጫ ሲከሽፍ የሚጠራ ሁክ፣ ማለትም እናንተ የምትሞሉት ፈንክሽን፣ አለ፣ ሳትሞሉት አትተዉት። ሲከሽፍ ሁለት ምክንያት ቀድማችሁ አጣሩ። አንዱ የማሽኑ ሰዓት ነው። የእናት ሰሌዳው ባትሪ ያለቀ ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዞ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ምስክር ወረቀቱ «ገና አልጸና» ይሆናል። የማሽኑ ቀን ፕሮግራሙ ከተሠራበት ቀን ከቀደመ «የኮምፒውተሩ ቀን ተሳስቷል» በሉ። ሌላው የሆቴል ዋይፋይ ነው፤ መግቢያ ገጹ ላይ ሳትገቡ የሚሄድ ጥያቄ ሁሉ በሌላ ስም ምስክር ወረቀት ይመለሳል። እዚያ ላይ «ፓስወርድ ስሕተት ነው» የሚል ፕሮግራም ሰውን ደህና ፓስወርዱን ያስቀይረዋል።

ሃይኩ ላይ ደግሞ ተጠቃሚው አንድ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑን የከፈተ ሁሉ ሁሉን ያያል። ፈረቃ የሚቀያየርበት ጠረጴዛ ላይ ፓስወርዱን ላለማስቀመጥ የሚያስችል ምርጫ ይኑር።

ቀንና ሰዓት

ሄደሩ ውስጥ የሚገባው ቀን ሁልጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠርና በእንግሊዝኛ የወር ስም ነው። ቀኑን በሲስተሙ ቋንቋ የሚጽፈውን ፈንክሽን ከተጠቀማችሁ ማሽኑ ወደ አማርኛ ሲዞር ሄደሩ ውስጥ የአማርኛ ወር ይገባና ተቀባዩ ጋ ደብዳቤው ያለ ቀን ከዝርዝሩ ጫፍ ይወድቃል። የ12ቱን ወር ስም በቋሚ ሰንጠረዥ ያዙ።

ለማሳየት ግን በእኛው አቆጣጠር ይሁን። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባሉት ሰከንዶች ላይ 10800 ጨምራችሁ ለ86400 አካፍሉ፤ የቀኑን ብዛት ታገኛላችሁ። በእሱ ላይ 716732 ጨምሩና ለ1461 አካፍሉ። ድርሻውን በ4 አባዙ፤ ቀሪውን «ቀ» እንበለው። ዓመቱ ከአራት እጥፉ ድርሻ ላይ ቀ÷365 ተጨምሮ ቀ÷1460 ሲቀነስ ነው። ከዚያ «ቀ»ን ለ365 አካፍላችሁ የሚተርፈውን ውሰዱ፤ ቀ 1460 ከሆነ 365 ጨምሩበት። ያን ለ30 አካፍሉ፦ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩ ነው፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑ። ክፍፍሉ ሁሉ በምሉዕ ቁጥር ነው። መሞከሪያው የሚሊኒየሙ ዕለት ይሁን፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የቀን ቁጥሩ 13768 ነው፣ ሲደመር 730500፣ ለ1461 ሲካፈል ልክ 500፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ይወጣል። ጳጉሜን 6 ላይም ሞክሩት፤ ያቺን 365 የረሳ ኮድ የሚጋለጠው በእሷ ነው።

ሰዓቱ ላይ 6 ጨምራችሁ ለ12 ስታካፍሉ የሚቀረው የኛ ሰዓት ነው፤ 0 ሲሆን 12። ሰዓቱን ለማሳየት ሲሉ የማሽኑን የሰዓት ክልል ወደ ኋላ የሚገፉ አሉ፤ ቁጥሩ ይገጥማል፣ የሚላከው ሄደር ግን ይዋሻል። ከደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሰዓት ደግሞ በፍጹም አትንኩ። እንግዳው «ጀልባው 9 ላይ» ብሎ ሲጽፍ የሱ 9 ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ፕሮግራሙ ማን በየትኛው እንደሚቆጥር ሊያውቅ አይችልም። በሄደሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማሳየት ጸሐፊውን ያነቃል፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

መስኮቱ

ኤችቲኤምኤል ደብዳቤ ላይ ዌብኪትን መጫን ትችላላችሁ፤ 1 ጊጋባይት ራም ላይ ግን ከባድ ነው። ተራ ጽሑፍ ክፍል ካለ እሱን አሳዩ፤ ከሌለ ታጎቹን አውጥታችሁ ጽሑፉን አስቀሩ፣ «በብራውዘር ክፈት» የሚል ቁልፍ አስቀምጡ። «አ» ዓይነት ቁጥሮች ፊደል ናቸው፣ ይህ ለምሳሌ አ ነው፤ ፍቱት። ከውጭ የሚጠሩ ሥዕሎችን አትጫኑ።

ግዕዝ የተወሳሰበ የፊደል ቅርጽ አያያዝ አይፈልግም፤ እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ነው፣ የሃይኩ ተራ የጽሑፍ መስኮት ይበቃዋል። የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ጥቅል ከሌለ አስጭኑ፤ መጠኑ ከ12 ነጥብ አይነስ፣ ከዚያ በታች ጨና ጬ፣ ሕና ሐ አይለዩም። ያልተነበበውን በደማቅ ጽሑፍ አታሳዩ፤ ደማቅ ቅርጽ በሌለው ፎንት ላይ ሲስተሙ ሲያወፍረው የፊደሉ ዓይን ይደፈናል። ከፊቱ ነጥብ ይበቃል። ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለይ ጽሑፍ ሲመጣ መስኮቱ መስመር የሚሰብርበት ክፍተት ያጣል። መስመር የት ሊያልቅ እንደሚችል የሚወስነውን ፈንክሽን ተክታችሁ ከ«፡» በኋላም ፍቀዱ፤ ባይቶቹ 225፣ 141፣ 161 ናቸው። ስሞችን በመጀመሪያ ስም ደርድሩ፤ የአባትን ስም ወደ ፊት የሚያመጣ ዝርዝር እዚህ ማንም አይፈልግበትም።

የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራሙ ውስጥ አትሥሩት። የሲስተሙ የግቤት ሰርቨር ማሟያ አድርጋችሁ ሥሩት፤ በሁሉም ፕሮግራም ላይ ያገለግላል። የራሳችሁን የጽሑፍ መስኮት ከጻፋችሁ የግቤት ዘዴ እንደሚያውቅ የሚገልጸውን ምልክት አብሩለት፤ ያለዚያ «ስ» ተጽፎ ወደ «ሰ» ሲቀየር ሁለቱም ፊደላት ተከታትለው ይቀራሉ።

ሃይኩ ላይ እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ትሬድ አለው። የኔትወርኩ ትሬድ መስኮቱን ቆልፎ ሰርቨር መጠበቅ የለበትም፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት በመልእክት ብቻ ይሁን። ከተቆላለፉ ፕሮግራሙ ያለ ምንም የስሕተት ጽሑፍ ይደርቃል፣ የሚደርቀውም መስመሩ ሲዘገም ብቻ ስለሆነ ፈጣን ኔት ያለው ላብ ውስጥ ሆናችሁ አታዩትም።

መፈተሽ

ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ባትሪውን አውጥታችሁ፣ 200 ደብዳቤ እያመጣ ሳለ ገመዱን ንቀሉ፤ ሲነሣ አንድም የጠፋ፣ አንድም ባዶ መኖር የለበትም። 5 ሜጋባይት አባሪ መሀል ላይ የኔት ገመዱን አውጡና ከ2 ደቂቃ በኋላ መልሱ። ቀኑን ወደ 2005 አዙራችሁ ግቡ። ርእሱ 14፣ 15፣ 16 እና 31 ፊደል የሆነ ደብዳቤ ለጂሜይልና ለአውትሉክ ላኩ፣ በስልክ ላይ ክፈቱት፤ የጥቅል ድንበር ስሕተት በ16ኛውና በ31ኛው ፊደል ላይ ይታያል። አንዱ ርእስ «ለወ/ሮ» ብሎ ይጀምር። ከዚያ «አባይ» ብላችሁ ፈልጉ፤ «ዓባይ» የሚለውም መምጣት አለበት።